የቦቴጎ ሐውልት ይቁም፣ ታሪኩ ግን ይሟላ

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጣሊያን ፓርማ ከተማ የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በቆመው፣ በአፍሪካ ጉዞ ያደረገው ጣሊያናዊ መኮንን የቪቶሪዮ ቦቴጎ ሐውልት ይፍረስ ወይስ ይቁም በሚል ስለሚነሳው ክርክር አስተያየቴን ለማቅረብ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1907 የተመረቀው ይህ ሐውልት መኮንኑን ከፍ አድርጎ ሲያቆመው፣ የኦሞንና የጁባን ወንዞች የሚወክሉ ሁለት አፍሪካውያን ተዋጊዎችን ግን ከእግሩ ሥር ያስቀምጣል። ተመልካቹ ወንዞቹ ባለቤት ያልነበራቸው፣ ሰዎቹም ለጌጥ የመጡ ይመስሉታል።

ቦቴጎ ካርታ ከማንሳት አልፎ የጣሊያንን የቅኝ ግዛት ፍላጎት ያገለግል ነበር። አባያ ሐይቅን በንግሥታቸው ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰይሞት ነበር (ሐይቁ ዛሬም አባያ ነው)። ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ በወለጋ ጊዳሚ አካባቢ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ሲዋጋ ተገደለ።

ሐውልቱ ይፍረስ የሚሉትን አልደግፍም፤ ከፈረሰ ክርክሩም አብሮ ይረሳልና። ይሁን እንጂ የጉዞውን ዓላማና የአሟሟቱን ሁኔታ በግልጽ የሚናገር ሰሌዳ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በጣሊያንኛ ተጽፎ በአጠገቡ ሊቆም ይገባል። በሮም የሚገኘው ኤምባሲያችንና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይህንኑ ለፓርማ ማዘጋጃ ቤት በደብዳቤ እንዲጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ