የምስጋና መልእክት፦ እናቴን ከእሳትና ከጭስ ላወጣችሁልኝ

በሐዋሳ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በሳንባ ምች ታመው በኦክስጅን ይታገዙ የነበሩት እናቴ፣ በተኙበት ክፍል ሌሊት ከተነሳው እሳት ተርፈው ታቦር ተራራ ግርጌ ወዳለው ቤታችን በሰላም በመመለሳቸው፣ በቤተሰባችን ስም ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ግን ልናገር፤ የእሳቱ መነሻ እኔ ነኝ። አጥሚት ለማሞቅ ደብቄ ያስገባሁትን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሦስት ስልክ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ሰክቼ ፔርሙዝ ላጥብ ወጣሁ። ስመለስ ዲቫይደሩ ቀልጦ መጋረጃው ተያይዟል። ምድጃ ማስገባት ክልክል መሆኑን የሚገልጸውን ማስታወቂያ በየቀኑ እያነበብኩ ነበር የማልፈው።

ደንግጬ ውሃ የሞላ ጀሪካን ሳነሳ ተረኛዋ ሲስተር “ኤሌክትሪክ ነው፣ ውሃ እንዳትደፊ!” ብለው እጄን ያዙኝ። ከዚያም ወደ እሳቱ ሳይሆን ወደ ኦክስጅኑ ሲሊንደር ሮጠው ቫልቩን ዘጉት። እናቴን ሊገድሉብኝ መስሎኝ መጮኼን አልክድም፤ ሲስተር፣ ይቅር ይበሉኝ። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ እንደሆነ፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ ሲል ግን አንሶላና ብርድ ልብስ እንደ ጭድ እንደሚነድ የተረዳሁት በኋላ እርስዎ ሲያስረዱኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ባግዳድ በሚገኘው ኢብን አል-ኸጢብ ሆስፒታል ከኦክስጅን ሲሊንደር ፍንዳታ ጋር በተያያዘ እሳት ከ80 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሳነብ ደግሞ ጉልበቴ ከዳኝ።

የጥበቃው አባባ ቆጣሪውን አጥፍተው፣ የእሳት ማጥፊያውን ቀለበት ነቅለው ዱቄቱን ከነበልባሉ ሥር ረጩት። ነርሶቹና ሌሎች አስታማሚዎች እናቴን በብርድ ልብስ አራት ጫፍ ይዘው፣ በደረጃ በማውረድ ፈንታ በዚያው ፎቅ ከበሩ ማዶ ወዳለው ክፍል አሻገሯቸው፤ እዚያም ሌላ ሲሊንደር ወዲያው ተገጠመላቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ እህታችን፣ የመጨረሻው ታካሚ እንደወጣ በሩን ዘግተው በእርጥብ መወልወያ ሥሩን ወተፉት፤ ከእሳቱ ይልቅ ጭሱ እንደሚገድል ያውቁ ነበርና ኮሪደሩን አዳኑልን። የከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞችም እሳቱ ጠፍቶ ቢደርሱ እንኳ ኮርኒሱን ከፍተው ገመዱን ሳይፈትሹ አልሄዱም። በር ላይ የነበራችሁ የባጃጅ ሾፌሮች፣ መንገዱን ስለለቀቃችሁላቸው እግዚአብሔር ይስጥልን።

የተቃጠለውን መጋረጃ ተክቻለሁ፤ ምድጃውንም ለጥበቃው አስረክቤያለሁ። እናቴ “ያቺ በሩን የወተፈችው ልጅ ቤቴ መጥታ ቡና ሳትጠጣ አይሆንም” ብለው አስቸግረውኛልና፣ የፊታችን እሑድ ከሥራ ስትወጡ ሁላችሁም እንድትመጡልን በአክብሮት እለምናለሁ።