በቀኝ ጆሮዬ ለሰማኋችሁ፦ የምስጋና መልእክት

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገልኝ ዛሬ አንድ ዓመት ሞላኝ። ምን እንደደረሰብኝ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ እንደገና አልተርከውም። በግራ ጆሮዬ በኩል ራሴ ውስጥ የበቀለው እጢ ወጥቷል። ካንሰር አልነበረም። ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ እንደማይሰማም ከመግባቴ በፊት በግልጽ ተነግሮኝ ነበር። ሌላው ሁሉ አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ከሐኪሞቹ ልጀምር ብዬ ነበር። ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ወደ ሲስተር ይሄዳል።

ሲስተር የጥናት ክፍሉ ነርስ ናት። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ አልጽፍም። መጀመሪያ ያየኋት ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ቀን በፊት ነው። የስምምነት ቅጽ ይዛ መጣች። ጥናቱ የራስ ቅል ወለል፣ ማለትም አንጎል የሚያርፍበት አጥንት፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ ለአንድ ዓመት የሚከታተል ነው። እኔ ያን ቀን ለጥናት የሚሆን ልብ አልነበረኝም። "ሊሞክሩብኝ ነው!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አልተቆጣችም። ወንበር ሳበችና በቀኜ በኩል ተቀመጠች። ፋይሌን አንብባ ነው የመጣችው። እስከዚያ ቀን ድረስ የትኛው ጆሮዬ እንደሚሰማ አስቦ የተቀመጠ ሰው አላጋጠመኝም።

"ሕክምናዎ በዚህ ወረቀት አይቀየርም" አለችኝ። "ቢፈርሙም ባይፈርሙም እኩል ነው የምንከባከብዎት። ፈርመውም ነገ ቢተዉት፣ ለምን ብሎ የሚይዝዎት የለም።" ወረቀቱን ትታልኝ ሄደች። ከቤተሰብዎ ጋር ያንብቡት አለች። በማግስቱ ፈረምኩ።

እዚህ ላይ ስለ ቀዶ ሐኪሜ ልናገር፣ እንድፈርም ያደረገኝ እሱም ነውና። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊቴ ይጣመማል ወይ? እስክሪብቶ አውጥቶ ሣለልኝ። የመስሚያው ነርቭ፣ የሚዛኑ ነርቭ እና የፊት ነርቭ በአንድ ጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ አብረው ያልፋሉ። ቬስቲቡላር ሽዋኖማ የሚባለው የእኔ እጢ የበቀለው በሚዛኑ ነርቭ ሽፋን ላይ ነው። ሲያድግ የፊቱን ነርቭ ይገፋዋል፤ ነርቩ እጢው ላይ ተለጥጦ ስስ ሪባን ይመስላል። እጢው በተለቀ ቁጥር ነርቩን ማትረፍ እንደሚከብድ ነገረኝ። ፊቴ ላይ መርፌዎች ተሰክተው፣ ነርቩ ሲነካ ድምፅ የሚያሰማ ማሽን እንደሚከታተለው ነገረኝ። ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት በኩል የሚገባበት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዊሊያም ሃውስ የተባለ ሐኪም በማይክሮስኮፕ እየታገዘ ያስፋፋው እንደሆነም ነገረኝ። ክፍተቱ የሚደፈነው ከሆዴ በሚወሰድ ስብ ነው፤ የአንጎል ፈሳሽ እንዳያፈስ።

"ይህን ሁሉ በምን አወቃችሁት?" አልኩት።

"ከእርስዎ በፊት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከተኙት ሰዎች" አለኝ።

ዶክተር፣ ያቺን መልስ አልረሳትም። ለእጅህም ለአፍህም አመሰግናለሁ።

ወደ ሲስተር ልመለስ። ስነቃ ግራ ዓይኔ አልጨፈን አለ። አፌም ወደ አንድ በኩል ሄዷል። የፊት ነርቭ ሥራ የሚለካበት ከ1 እስከ 6 የሆነ ደረጃ አለ፤ ሃውስ እና ብራክማን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ነው። ይህኛው ሃውስ ጆን ነው፣ ቅድም ያነሣሁት ዊሊያም አይደለም። 1 ጤነኛ ፊት ነው፤ 6 ጨርሶ የማይንቀሳቀስ። 3ን ከ4 ከሚለዩት ነገሮች ዋናው ዓይን ነው። ታግለህ ሙሉ በሙሉ ከጨፈንከው 3፣ ካልተጨፈነልህ 4። እኔ 4 ነበርኩ።

የማይጨፈን ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል። ባለቤቴ በዚያ ሌሊት እጇ እየተንቀጠቀጠ ፕላስተሩን መለጠፍ አቃታት። ሲስተር የሥራ ሰዓቷ አልቆ ነበር፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታለች። ቦርሳውን አስቀመጠች። ፕላስተር ቆረጠችና መጀመሪያ የራሷን ዓይን ጨፍና የራሷ የዓይን ቆብ ላይ ለጠፈችው። "እዩት፣ ቆቡ ሙሉ በሙሉ ካልወረደ አይለጠፍም፤ ፕላስተሩ ብሌኑን ከነካው ይፍቀዋል" አለች፣ በአንድ ዓይኗ እያየችን። ከዚያ ቅባቱን ታችኛው ቆቤ ውስጥ አደረገች፣ ላይኛውን በጣቷ ቀስ አድርጋ አወረደች፣ ለጠፈች። ላጠችውና ባለቤቴን "አሁን እርስዎ" አለቻት። ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ይህ በጥናቱ ውስጥ የለም። ማንም አላዘዛትም።

ይህን እየጻፍኩ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ግራውም ጭምር። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከዚያ የጥናቱ የስልክ ክትትል መጣ። ስትደውል መጀመሪያ የምትለው "በቀኝ ይያዙት" ነው። ስለ ማዞር የሚጠይቀው መጠይቅ 25 ጥያቄ አለው። መልሱ አዎ፣ አንዳንዴ ወይም አይ ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ መራመድ ይከብድዎታል ወይ ስትለኝ ድምፄ ተዘጋ። ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበር። ሌሊት ግድግዳ እየዳበስኩ ነበር የምሄደው፤ የፈረስኩ መስሎኝ። ጠበቀችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ፤ ጆሮ ውስጥ ያለው የአንድ ወገን የሚዛን መሣሪያ ሲጠፋ አንጎል በሌላኛው ጆሮ፣ በእግርና በዓይን ተደግፎ እንደገና ይማራል፤ መብራት ሲጠፋ ዓይን ስለማያግዝ ነው የሚከብደው። ጥያቄው እዚያ የገባው ብዙ ሰው ስለሚቸገርበት ነው አለችኝ። ያን ሌሊት በሰላም ተኛሁ። በሳምንቱ የሚዛን ልምምድ የሚያሠራኝ ባለሙያ ዘንድ ላከችኝ።

በስድስተኛው ወር ደግሞ ላስደስታት ፈለግኩ። ለሁሉም ጥያቄ "አይ፣ ደህና ነኝ" እያልኩ ሄድኩ። አቆመችኝ። "ደህና ነኝ ብለው እኔን አያስደስቱኝ። ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያገኘው የእርስዎን መልስ ነው" አለች። ከመጀመሪያው ጀመርን። በጨለማ መራመድ ላይ "አንዳንዴ" አልኩ። እውነቱ እሱ ነበር።

ሲስተር፣ ብድርሽን እግዜር ይክፈልልኝ። እኔ አልችለውም።

እጢው የታየበትን የራስ ምስል፣ ኤምአርአይ፣ ያዘዘልኝን ወጣት ሐኪምም ማለፍ አልችልም። ለሁለት ዓመት በየሄድኩበት ኩክ ነው፣ እርጅና ነው ስባል ኖሬአለሁ። እሱ ግን የመስማት ምርመራውን ወረቀት አይቶ "መስማት በአንድ ጆሮ ብቻ ሲቀንስ ዝም አይባልም" አለ። በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ዛሬ ያለሁት። እናንተም ስልክ የምታዋሩበትን ጆሮ ሳታስቡት ከቀየራችሁ ተመርመሩ።

ሰመመን የሰጣችሁኝ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያደራችሁልኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ የጸለያችሁልኝ ሁሉ፣ ኑሩልኝ።

ለባለቤቴ እዚህ አልጽፍም። መንገድ ላይ ሁልጊዜ ቀኜን ይዛ ስትሄድ ያያት ያውቃል።

ስማችሁን ሳልጠራ የቀረሁ ብዙ ናችሁ፣ ይቅርታ። በግራዬ ቆማችሁ አናግራችሁኝ ዝም ያልኳችሁም ይቅርታ። አልሰማሁም እንጂ ንቄ አይደለም። ወደ ቀኝ ዞራችሁ ድገሙልኝ።

አንድ ምስጋና ደግሞ ለማን እንደምልከው አላውቅም። ከእኔ በፊት ለፈረማችሁ ሰዎች ነው። ስማችሁ ተነሥቶ ቁጥር ብቻ ቀርቷል። ፊታችሁ ተጣሞ ካሜራ ፊት ፈገግ በሉ ተብላችሁ ፈገግ ብላችኋል። ያማችኋል ወይ ስትባሉ ያማል ብላችኋል። ነርቩ የዳነላችሁም ያልዳነላችሁም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ በሕይወት ላትኖሩ ትችላላችሁ። ሐኪሜ ያን ቀን ከፊቴ ቁጭ ብሎ ይህ ይሆናል፣ ይህ ላይሆን ይችላል ያለኝ ከእናንተ አፍ ነው። አመሰግናችኋለሁ።

ትናንት የመጨረሻው ቀጠሮ ነበር። ካሜራው ፊት ቆምኩ። ግንባር ያንሡ፣ ጥርስ ያሳዩ፣ ዓይን ይጨፍኑ። ጨፈንኩ፤ ሁለቱም ተጨፈኑ፣ ሳልታገል። ሐኪሙ ደረጃ 2 ብሎ ጻፈ። ሲስተር መብራቱ ጠፍቶ ስለመራመድ ጠየቀችኝ፤ "አይ" አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። "እውነቴን ነው" አልኳት።

ቅጹን ስትዘጋ ሌላ ጥናት ካለ ስልኬን እንዳታጠፋው ነገርኳት። በቀኝ አነሣዋለሁ።