በማውንቴን ብስክሌት ወደ ሥራ ለምንመላለስ የሚስማማው ጎማ የትኛው ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ድሬዳዋ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ በተለይም በከዚራ በኩል ቀጥ ባሉና ዛፍ ባጠላባቸው መንገዶቿ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ መሆኗን አንባቢዎቻችሁ ያውቃሉ። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ የብስክሌቱ ቁጥር ቢመናመንም፣ ዛሬም ከሳቢያን ወደ ከዚራ፣ ከገንደ ቆሬ ወደ መጋላ፣ ከመሐል ከተማ ወደ መልካ ጀብዱ በብስክሌት የሚመላለስ ሠራተኛና ተማሪ አለ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ብስክሌትን ለማወደስ ሳይሆን፣ ዕለት ዕለት የማየውንና በቀላሉ ሊስተካከል የሚችለውን አንድ ጉዳይ ለማንሳት ነው፤ ይኸውም ከአስፋልትና ከኮብልስቶን ወርደው የማያውቁ ብስክሌቶች ለተራራ የተሠራውን ጥርሳም ጎማ በልሙጥ ጎማ ሳይለውጡ እንደያዙ መቅረታቸው ነው።

በእጃችን ያለው ብስክሌት በአብዛኛው «ማውንቴን» የምንለው ነው። ይህ ዓይነት ብስክሌት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ማሪን በተባለ አካባቢ፣ ከተራራ በጥርጊያ መንገድ ቁልቁል መውረድ የሚወዱ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶችን እየቀያየሩና እያሻሻሉ የጀመሩት ነው። ጎማው ትልልቅ ጥርስ የተሰጠው በላላ አፈርና በጭቃ ውስጥ ሰምጦ እንዲቆነጥጥ ነው። አስፋልት ግን ጥርስ አያስገባም። በአስፋልት ላይ እያንዳንዱ ጥርስ የነጂው ክብደት ሲያርፍበት ይጎብጣል፣ ክብደቱ ሲነሳለት ይቃናል፤ በዚህ መጉበጥና መቃናት እግራችን ያወጣው ጉልበት ወደ ሙቀት እየተለወጠ ይባክናል። ስንነዳ ከሥራችን የምንሰማው ጉርምርምታ ከዚሁ የሚመጣ ነው። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ከሥራ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ይህ ብክነት ቀላል ነገር አይደለም። ኩርባ ላይ ደግሞ መሬቱን የሚነኩት የጎን ጥርሶች ጥቂትና ተጣጣፊ ስለሆኑ፣ ጥርሳሙ ጎማ በአስፋልት ላይ ያለው አያያዝ ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው።

ስለ ልሙጥ ጎማ ባነሳሁ ቁጥር የምሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «አያንሸራትትም ወይ?» የሚል ነው። ሥጋቱ የመጣው ከመኪና ይመስለኛል። የመኪና ጎማ ሲላጭ አደገኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ በፍጥነት ውኃ ላይ ሲደርስ፣ ውኃው የሚወጣበት ቦይ ካጣ መሬቱን ለቅቆ ይንሳፈፋል። የብስክሌት ጎማ ግን ጠባብና ክብ ነው፤ ለአስፋልት ሲሆን በውስጡ የሚሞላው የአየር ግፊትም ከመኪናው ከፍ ይላል። ስለዚህ ውኃውን ግራና ቀኝ ሰንጥቆ መሬቱን ያገኛል፤ ሊንሳፈፍ የሚችልበት ፍጥነት ማንም ብስክሌተኛ በከተማ ውስጥ ከሚደርስበት እጅግ የራቀ ነው። አስፋልትን የሚይዘው ላስቲኩ ራሱ እንጂ የተቀረጸበት ጥርስ አይደለም።

ጠያቂዎቹ ትክክል የሚሆኑበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አሸዋ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ካለፈ በኋላ ወይም ዝናቡ ከዳገቱ አሸዋ አውርዶ መንገዱ ላይ ሲያነጥፍ፣ ልሙጥ ጎማ በወፍራሙ አሸዋ ውስጥ ይዋልላል። በአስፋልት ላይ ስስ ሆኖ የተበተነው አሸዋ ሲሆን ግን ጥርሳሙም አያድንም፤ የሚያድነው ፍጥነትን አስቀድሞ መቀነስ፣ መሪ አለማጣመምና የፊት ፍሬን አለመጨበጥ ነው። በየዕለቱ የወንዙን አሸዋ አቋርጦ የሚሻገር ሰው፣ መሐሉ ልሙጥ ሆኖ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለውን ጎማ ቢመርጥ ተገቢ ነው እላለሁ።

ከልስላሴው ይልቅ ማሰብ የሚያስፈልገው ስለ ስፋቱ ነው። ጥርሳሙን ለመተው የወሰነ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ እጅግ ቀጭኑን ጎማ ያስገጥማል። 1.25 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ በጥሩ አስፋልት ላይ በእርግጥ ይፈጥናል። ነገር ግን የመጋላን ውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ የየሰፈሩን ኮብልስቶንና የተቦረቦረውን የአስፋልት ጠርዝ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚከተል ይገባዋል፤ ጎማው የድንጋይ ጠርዝ ሲመታ እስከ ቸርኬው ይጨፈለቅና ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሐል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይቀደዳል። የባቡር ሐዲድ በምንሻገርበት ቦታም በሐዲዱና በአስፋልቱ መካከል ያለው ክፍተት ቀጭኑን ጎማ ይዞ ነጂውን ይጥላል። (ጎማው ምንም ዓይነት ቢሆን ሐዲድን ቀጥ ብሎ አቋርጦ እንጂ በሰያፍ ማለፍ አይገባም፤ በተለይ ሲዘንብ።) ከዚህም ሌላ የማውንቴን ቸርኬ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቸርኬ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ መግጠም አይመከርም። በእነዚህ ምክንያቶች ለከተማችን የምመርጠው 26 ኢንች ለሆነ ብስክሌት ከ1.5 እስከ 1.75 ኢንች የሆነውን ልሙጥ ጎማ ነው። የኮብልስቶንን ንጠት የሚቀንሰው በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው፤ አየሩ የሚበቃ ቦታ የሚያገኘው ደግሞ ጎማው ሰፋ ሲል ነው።

ከ2.10 ኢንች ጥርሳም ጎማ ወደ 1.5 ኢንች ልሙጥ የሚወርድ ሰው ጥቂት ለውጦችን ይጠብቅ። ብስክሌቱ ወደ መሬት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ኩርባ ላይ የውስጠኛውን ፔዳል ከፍ አድርጎ መያዝ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ማቆሚያው እግርም ትንሽ ይረዝምበታል። የጎማው ዙሪያ ስለሚያጥር ማርሹ በመጠኑ ቀለል ይላል። ቸርኬውን የሚጨብጥ ፍሬን ያለው ብስክሌት ከሆነ፣ ቸርኬው ያው ስለሆነ ፍሬኑን መነካካት አያሻም።

አሁን ገንዘብ ወደሚያስከስረው ጉዳይ ልምጣ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ምክሬን ሰምቶ ከአንድ ሱቅ «26 ኢንች ልሙጥ ጎማ» ገዝቶ ወደ ጎሚስታ ወሰደው፤ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ አልቀመጥ አለ። የተሸጠለት 26 በ1 3/8 የሚል ጎማ ነበር። ሻጩ «26 ያው 26 ነው» ብሎ አልመልስም አለው። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ በክፍልፋይ የተጻፈው 26 በ1 3/8 ለቆዩት የከተማ ብስክሌቶች የተሠራ ሲሆን፣ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 590 ሚሊ ሜትር ነው። በነጥብ የተጻፈው 26 በ1.5 ወይም 26 በ1.75 ግን ለማውንቴን የተሠራ ሆኖ ዲያሜትሩ 559 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል የ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ፤ ማንም ጎሚስታ በጉልበት ሊያስማማቸው አይችልም። በወረቀት ላይ አንድ የሚመስሉት 1.75 እና 1 3/4 እንኳ አይገጣጠሙም፤ የኋለኛው 571 ነው።

ከዚህ ግራ መጋባት የሚያወጣን በጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል የሚጻፈው ሌላው ቁጥር ነው። አይኤስኦ 5775 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የሚጻፈው ይህ ቁጥር፣ ለምሳሌ 47-559 ሲል፣ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የመቀመጫው ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር ናቸው። ገዢው የአሮጌ ጎማውን ሁለተኛ ቁጥር ጽፎ ይዞ ይሂድ፤ የአዲሱ ጎማ ሁለተኛ ቁጥር ከእርሱ ጋር ፍጹም አንድ መሆን አለበት፤ የመጀመሪያው ቁጥር ግን ቸርኬው እስከፈቀደ ድረስ ሊያንስ ይችላል። ባለ 27.5 ኢንች ብስክሌት 584፣ ባለ 29 ኢንች ደግሞ 622 ነው። 622 «700ሲ» ከሚባለው ጋር አንድ ስለሆነ፣ ባለ 29ኙ 700 በ38 ወይም 700 በ40 የሚል ጎማ ቢያገኝ ይገጥምለታል። ከመነዳሪውም የራሱ ልክ አለው፤ ለሰፊ ጎማ የተሠራውን ጠባብ ጎማ ውስጥ ቢያስገቡት ይታጠፍና እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል።

ስለ አየር ግፊት በአጭሩ ልናገር። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ መጠን ሊታለፍ አይገባም፤ እስከዚያ ድረስ መሙላትም ግዴታ አይደለም። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም አካባቢ ለሆነ ሰው በ1.5 ጎማ ከ50 እስከ 60 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ኋለኛው የበለጠ ክብደት ስለሚሸከም ከፊተኛው ትንሽ ይጨመርለታል። በጎሚስታ ኮምፕሬሰር ሲሞላ መጠንቀቅ ያሻል፤ የብስክሌት ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ በቅጽበት ከልኩ ያልፋል። ሙቀታችን ጎማ ያፈነዳል የሚለው ፍርሃት ግን ተጋንኗል። ጠዋት በ20 ዲግሪ 60 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ 45 ዲግሪ ቢደርስ የሚጨምረው 6 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ፀሐይ የሚጎዳው ላስቲኩን ነው። ስለዚህ ከሱቅ በር ላይ ለወራት ተሰቅሎ የኖረ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን ጎበጥ አድርጋችሁ ስንጥቅጥቅ እንደሌለው ተመልከቱ።

የእሾህ ነገር በእኛ ከተማ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያስጨንቃል። ባጃጁ ወደ ጠርዝ ይገፋናል፤ በጠርዙ ደግሞ የግራሩና በዙሪያችን የተስፋፋው የፕሮሶፒስ እሾህ ከጠርሙስ ስባሪ ጋር ተጠራቅሞ ይጠብቀናል። ልሙጥ ጎማ መሐሉ ከጥርሳሙ ስለሚሳሳ፣ ስትገዙ ከላስቲኩ ሥር እሾህ የሚከላከል ድርብ ያለውን ጠይቁ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ለጎሚስታ የሚወጣውን ያድናል። እርሱ ከጠፋ አሮጌ ከመነዳሪ በቁመቱ ሰንጥቆ፣ ጠርዙን አሳስቶ በጎማውና በአዲሱ ከመነዳሪ መካከል ማንጠፍ ይረዳል፤ ጥቂት ያከብዳል እንጂ ይሠራል። ከሁሉ በላይ፣ የተቀደደው ከተጠገነ በኋላ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ሳይዳስሱ መግጠም አይገባም። ጎማው ውስጥ የቀረ የእሾህ ጫፍ አዲሱንም ከመነዳሪ ይበሳዋል፤ ባለቤቱም የተሸጠለት ጎማ መጥፎ ነው ብሎ ወደ ጥርሳሙ ይመለሳል።

ሁለት አዲስ ጎማ መግዛት ያልቻለ ሰው አንዱን ቢገዛ ፊት ያድርገው፤ የፊት ጎማ ሲከዳ መውደቅ አይቀርም፤ የኋላው ሲከዳ ግን ብዙ ጊዜ መቆጣጠር ይቻላል። የወጣውን አሮጌ ጎማ ደግሞ ግቢ ውስጥ ወይም ጣሪያ ላይ አትጣሉት። በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ከተማችንን እንዴት እንዳስጨነቃት እናስታውሳለን፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በአሮጌ ጎማ ውስጥ በተጠራቀመ ጥቂት የዝናብ ውኃ ትራባለች።

በመጨረሻም የብስክሌት መለዋወጫ ነጋዴዎችን የምጠይቀው አለኝ። 40-559 እና 47-559 የሆኑ ልሙጥ ጎማዎችን ከሚስማማቸው ከመነዳሪ ጋር አምጡልን፤ ከዋጋው ጎን ሁለቱን ቁጥሮች በትልቁ ጻፉልን፤ ልኩ ያልገጠመለትን ገዢ፣ ጎማው እስካልቆሸሸ ድረስ፣ ያለ ክርክር ቀይሩለት። ጋዜጣችሁም የከተማችንን ጎሚስታዎችና የብስክሌት ጠጋኞች አነጋግሮ፣ በእጃቸው ካለፉት ጎማዎች የትኞቹ በእሾሁና በኮብልስቶኑ ላይ እንደበረቱ ቢያወጣልን፣ ለመግዛት ያሰብን ሰዎች ከነጋዴው ፊት በእውቀት እንቆማለን።

ከአክብሮት ጋር
በብስክሌት ወደ ሥራ የሚመላለስ አንባቢያችሁ
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ