ለቅዳሜው የቢላ ትርኢት

ጤና ይስጥልኝ አባላት፣

ቅዳሜ ጣና ዳር እንገናኛለን። ጠረጴዛዎቹን ከውሃው ራቅ አድርገን ጥላ ስር እንዘረጋለን። የካርቦን ብረት እርጥበት አይወድም። ባለፈው ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ አንድ ውብ ቢላ፣ ላብ ያለው እጅ ነክቶት ኖሮ፣ ማታ ስናየው የጣት ምልክቱ ቡናማ ዝገት ሆኗል። አንጀቴ አረረ። እባካችሁ ዘይት የነካ ጨርቅ ያዙ። ሰው ነክቶ ባስቀመጠ ቁጥር ጠረግ አድርጉት። ቆዳ አፎት ውስጥም አታሳድሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

እጀታው ወደ ጎብኚው ይዙር።

ዋጋ ጻፉ። ብዙ ሰው መጠየቅ ያፍርና ዝም ብሎ ያልፋል። እጀታው ወይራ ይሁን ዋንዛ ወይስ የበሬ ቀንድ፣ ብረቱ ከምን እንደመጣ፣ በምን እንደጠነከረ ከጎኑ አስፍሩ። ሰብሳቢ ታሪኩንም አብሮ ነው የሚገዛው።

አንድ ልመና አለኝ። አዛውንት ቀጥቃጮቻችን የፊቱን ቦታ ይያዙ። ይህ ሙያ ስንት ዘመን ሲናቅ ኖሯል! የጋለ ብረት ዘይት ውስጥ ገብቶ ቸስ ሲል ልጆች ይዩ። ገመድ ግን ቀድመን እንወጥር፤ ዘይቱ ሊነድ ይችላል።

ጠረጴዛ የሚፈልግ እስከ ሐሙስ ይደውልልኝ።