ሌሊት የሚፈሰውን ውሃ ለመያዝ የድጋፍ ጥሪ

በአገር ቤት፣ በዓረብ አገርና በአሜሪካ ለምትገኙ የወሎ ልጆችና ወዳጆች በሙሉ፤

በደቡብ ወሎ በአንዲት ቀበሌ የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ፣ የመስጊዱ ኮሚቴና የውሃ ኮሚቴው አንድ ሆነን ከመንደሩ በላይ ያለውን ምንጭ ልናጎለብት ተነስተናል። ድንጋዩ፣ አሸዋውና ጉልበቱ ከሕዝቡ ነው። እናንተን የምንለምነው ሲሚንቶ፣ ብረትና ቧንቧ ነው።

ምንጩ በግንቦት፣ ውሃው በሚያንስበት ወቅት ሲለካ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ100 ሰከንድ ይሞላል። በቀን 17,280 ሊትር ማለት ነው። ለገጠር በወጣው መለኪያ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ተብሎ ሲሰላ ለ690 ሰው ይበቃል። ውሃ አላነሰንም። ግን ሰው በሚተኛበት 10 ሰዓት ውስጥ 7,200 ሊትሩ ወንዝ ይገባል፤ ሲነጋ ወረፋው ይረዝማል። ከብቱም የሚጠጣው እዚያው ምንጩ ላይ ነው። እናቶች ውሃ የሚቀዱት የላም ኮቴ ከረገጠው ጉድጓድ፣ ጭቃው እስኪዘቅጥ ጠብቀው በጣሳ እየጨለፉ ነው። ስለዚህ 8,000 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያና ባለ 4 ቧንቧ ቦኖ ይሠራል።

የምንጭ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ዓይኑ ላይ፣ ውሃው ከመሬት በሚወጣበት ቦታ ነው። ብዙ ውሃ እንይዛለን ተብሎ ግንቡ ከዓይኑ በላይ ውሃ እንዲያቁር ከተደረገ፣ ውሃው ወደ ኋላ ተገፍቶ በሌላ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ ግንቡ ቢፈርስ እንኳ ላይመለስ ይችላል። ቁፋሮው ሲበዛም ውሃ የማያሳልፈው ንጣፍ ይበሳና ምንጩ ወደ ታች ይሰርጋል። በዚህ ምክንያት የትርፍ ውሃ መውጫው ከዓይኑ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከዓይኑ ፊት የታጠበ ድንጋይና ጠጠር ይደረደራል፣ በላዩ ሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል። ከዓይኑ ከ10 ሜትር በላይ ርቆ፣ በላይኛው ዳገት የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ይታጠራል። የከብት ገንዳው ከቦኖው በታች ይሆናል። አጠገቡ ያለችው ትንሿ ምንጭ ጸበል ስለሆነች አትነካም፤ ካህናቱ ወሰኗን አሳይተዋል፣ በድንጋይ ተከልላለች።

ግንቡና ጣሪያው ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፣ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። በ12፣ በ21ና በ29 ክርስቲያኑ ሥራ አይሠራም፤ አርብ ሙስሊሙ ጁምዓ ነው። ተራው የተከፋፈለው በዚሁ ነው፦ በበዓላቱ ሙስሊሞቹ፣ በጁምዓ ሰዓት ክርስቲያኖቹ ያጠጣሉ።

የሚያስፈልገው 40 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ባለ 12 ሜትር 12 ዘንግ ባለ 10 ሚሊሜትር ብረት፣ ባለ 40 ሚሊሜትር 300 ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ፣ ባለ ግማሽ ኢንች 4 ቧንቧ ከ8 መለዋወጫ ጋር ነው። መለዋወጫው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግንቡ ደህና ሆኖ አንዲት የቧንቧ ጎማ ስላለቀች ብቻ የሚቆም ቦኖ ግን ብዙ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ጎማውንም የጥበቃውንም ደመወዝ የሚሸፍነው የቤተሰቡ ወርሃዊ መዋጮ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ማጠራቀሚያው ይሞላና ለየ1,000 ሊትሩ 72 ግራም፣ ጥንካሬው 70 በመቶ የሆነ የክሎሪን ዱቄት ይጨመርበታል፤ 12 ሰዓት ከቆየ በኋላ ተደፍቶ እስኪጠራ ይታጠባል። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ማንም አይቀዳም።

ገንዘቡ የሚገባው ሦስቱም ወገን በሚፈርሙበት የጋራ ሒሳብ ነው፤ አንዱ ካልፈረመ አይወጣም። ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የግዢው ሰነድም በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ በር ይለጠፋል። በዓይነት መስጠት የምትፈልጉ ቱቦውንና ብረቱን ከደሴ ብትገዙልን የመጓጓዣው ወጪ ይቀንስልናል። ሲሚንቶውን ግን እባካችሁ አስቀድማችሁ አትላኩ፤ በክረምት እርጥበት ከተከማቸ ይጠጥራል። ቃል የገባችሁትን እስከ መስከረም መጨረሻ አድርሱልን፤ መንገዱ ሲደርቅ በጥቅምት ይገዛል፣ ማጠራቀሚያው በኅዳር ይገነባል፣ የዓይኑ ቁፋሮ ውሃው ሲቀንስ በመጋቢት ይጀመራል።