ዕጣ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ነርስ ነኝ፤ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም፣ ማለትም ሃያ በመቶውን ቆጥበን በዕጣ ለሚደርሰን የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ስመዘገብ አላገባሁም ነበር፤ ዛሬ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት፣ የቁጠባ ደብተሬም ጠርዙ ተበልቷል።

አከራዬ ባለፈው ወር ስድስት ሺህ ብር ጨምሪ አሉኝ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያስታውቀው እንዳይበልጥ ይላል ብላቸው፣ «እንግዲያው አዋጁ ቤት ይስጥሽ» ብለው መለሱልኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጄ የታመመች ሌሊት በመኪናቸው ሐኪም ቤት ያደረሱን እሳቸው ናቸው።

እህቴ ከካናዳ «ነይ» ትለኛለች። እሷም ቶሮንቶ ዳር ምድር ቤት ተከራይታ የደመወዟን ግማሽ ለኪራይ ትከፍላለች፤ ይህን የነገረችኝ ግን አጥብቄ ስጠይቃት ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ተመን በገበያ ስለሚወሰን፣ ለቋንቋ ፈተናና ለትምህርት ማስረጃ ማረጋገጫ የሚከፈለው ዶላር ወደ ብር ሲመነዘር ያስደነግጣል። የቤት ቁጠባዬ ይሸፍነዋል፤ ካወጣሁት ግን ዕጣ የማግኘት ተስፋዬ አብሮ ይወጣል።

እባካችሁ የሚመለከታቸውን ጠይቁልን፦ የ2005 ተመዝጋቢ እስከ መቼ ይቆጥብ? የእህቴ ጥሪ ሳይቀዘቅዝ መልሱን ባገኝ ደስ ይለኛል።

ነርሷ፣ ከቱሉ ዲምቱ