የንባብ ክበብ፦ የጎረቤት ነገር ያከራከረን ዓመት

የንባብ ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ጊዜውን የሰጠው ለአንድ ልብ ወለድ ነው፤ ለሃርፐር ሊ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»። መጽሐፉ በ1960 እ.ኤ.አ. ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ በ1930ዎቹ አላባማ ውስጥ፣ ደራሲዋ በፈጠረቻት ሜይኮም በምትባል ትንሽ ከተማ ይካሄዳል። ቅጂው ጥቂት ስለነበር እየተቀባበልን አነበብን። በእንግሊዝኛ አንብበን በአማርኛ ተከራከርን። ይህ በጣም ጠቀመን፤ ዝምተኞቹ ልጆች ሳይቀሩ ተናገሩ።

መጽሐፉ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፍርድ ቤቱን ነው። ልጆቻችንን የያዛቸው ግን ሰፈሩ ነበር።

ቡ ራድሊ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው። ሰፈርተኛው ስለ እሱ ያላወራው ወሬ የለም። እሱ ግን የጎረቤት ልጆች ለሆኑት ለስካውትና ለጄም በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ማስቲካ፣ ሳንቲም፣ እነሱኑ የሚመስሉ ከሳሙና የተቀረጹ አሻንጉሊቶች ያስቀምጥላቸዋል። የሚስ ሞዲ ቤት በተቃጠለበት ሌሊት ስካውት ብርድ ላይ ቆማ ሳለ፣ ሳታውቀው ብርድ ልብስ ደርቦላታል። በኋላም ከሞት ያተርፋቸዋል። ስካውት መጨረሻ ላይ የምታዝነው ለዚህ ሁሉ ምንም አልመለስንለትም ብላ ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ላይ እጇን አወጣች። «ለቡስ ማን ጎረቤት ሆነው?» አለች። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው እላለሁ።

ስካውት ጎረቤት ለሐዘን ምግብ፣ ለሕመም አበባ ይዞ እንደሚመጣ ትናገራለች። አበባው ትንሽ እንግዳ ሆነባቸው። ምግቡን ግን ማንም ማብራራት አላስፈለገውም፤ ለቅሶ ቤት እንጀራና ወጥ ተሸክመው ከእናቶቻቸው ጋር ያልሄዱ ልጆች የሉንም።

ከዚያ በኋላ ሜዬላ የምትባል ነጭ ልጅ ደፍረሃል ተብሎ በሐሰት ወደተከሰሰው ጥቁር ሰው፣ ወደ ቶም ሮቢንሰን መጣን። ቶም ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ በነሜዬላ ደጅ ያልፋል። ልጅቷ ብቻዋን ስትለፋ እያየ እንጨት ይፈልጥላታል፣ ውኃ ያመጣላታል፣ ገንዘብ አይቀበልም። ፍርድ ቤት ቀርቦ «አዘንኩላት» ማለቱ ራሱ እንደ ድፍረት ተቆጠረበት፤ በዚያ ዘመን አላባማ ውስጥ ጥቁር ለነጭ ማዘን አይፈቀድለትም ነበር። ልጆቹ የተናደዱት እዚህ ላይ ነው። በደንብ ተናደዱ፤ ደስ አለኝ። የፍርድ ቤቱም ታሪክ የጎረቤት ታሪክ መሆኑን ራሳቸው አገኙት። ደግ ጎረቤት መሆን ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችልም አዩ።

በተሳዳቢዋ አሮጊት በወይዘሮ ዱቦዝ ግን አልተስማማንም። ከሞርፊን ሱስ ጋር የምትታገል በሽተኛ መሆኗን ካወቁ በኋላ እንኳ ግማሾቹ ይቅር አላሏትም።

ተማሪዎቹ ስለ ጎረቤቶቻቸው ከጻፉት የተመረጡት በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ተነበዋል። ለሚቀጥለው ዓመት የአማርኛ ልብ ወለድ እንመርጣለን። መግባት የምትፈልጉ ስማችሁን ቤተ መጻሕፍት አስመዝግቡ፤ በተለይ 9ኛ ክፍሎች ኑልን።